የቅሬው ማሾ

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። ለጓደኞቼ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። ባወራሁት ቁጥር ሰዎቹ የሚያዝኑት በሞቱ ነው። በእኔ ጆሮ የሚመላለሰው ግን አንድ ሳቅና አንዲት ቃል ናቸው። ምናልባት ቀስ ብዬ ብጽፈው ለሌላ ሰውም ይሰማው ይሆናል።

የምኖረው መካነ ሰላም ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ስልክ፣ ሬዲዮና የሶላር መብራት እጠግናለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥምም እጽፋለሁ። በዚያ ሰሞን ከተማው ጠቦኝ ነበር። አዲስ አበባ ልሄድ ቦርሳዬን አሰናድቼ ከበሩ ኋላ ካስቀመጥኩ ሰንብቻለሁ። ደጎሎ ላለችው እናቴ ግን አልነገርኳትም። አልቅሳ ታስቀረኛለች ብዬ፣ ከደረስኩ በኋላ ልደውልላት ነበር ያሰብኩት።

በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ሰይድ ሱቄ መጡ። ጋሽ ሰይድ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ደጋ የሚመጡ ገበሬ ናቸው፤ የመንደራቸው የቅሬ ዳኛም ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእነሱ መንደር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቅሬ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይቀብራል። ሬዲዮናቸውን ስለምጠግንላቸው ጨዋታ አለን። ያን ቀን ግን በርጩማው ላይ ሳይቀመጡ ነው የጀመሩት።

«አንተ ልጅ፣ ማሾ ትጠግናለህ?»

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እኮ የስልክ ሰው ነኝ» አልኳቸው።

«ስልክም ያበራል፣ ማሾም ያበራል። ምን ለየው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በራሳቸው ቀልድ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። አልሳቁም።

ማሾ በልጅነቴ አጎቴ ቤት ነበረ፤ ፈታትቼ ገጥሜዋለሁ። ለማያውቀው ሰው፣ ማሾ በላምባ የሚሠራ ትልቅ ፋኖስ ነው። ሆዱ ውስጥ ላምባ ይሞላል፣ ከዚያ በእጅ እየገፉ አየር ያስገቡበታል። አየሩ ላምባውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከላይ የተንጠለጠለች ነጭ የጨርቅ መረብ አለች፣ እሷ ስትግል ቤቱን እንደ ቀን ታደርገዋለች። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ክብ መዘውር አለች። ላምባውን የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ ናት።

የቅሬው ማሾ ችግሩ እዚያች መዘውር ላይ ነበር። ቢዘጉት አይዘጋም። መብራቱ ጠፋ ሲሉት ላምባው ወደ ላይ መፍሰሱን ይቀጥልና ድንገት ቦግ ይላል። ባለፈው ለቅሶ ላይ የድንኳኑን ጫፍ አቃጥሎ ሰው ተራውጧል።

«ሶላር አይሻላችሁም?» አልኳቸው። መብራት በወደቀ ምሰሶ ምክንያት ከሄደ ሳምንታት ሆኖት ነበር።

«ሶላሩ ለአንድ ክፍል ነው። ድንኳን አይሞላም» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ለቅሶ ያለ ማሾ አይተን አናውቅም» አሉ።

ለቅሶ መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው።

እስከ አስፋልቱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ገብስ የደረሰበት ጊዜ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ተከምሯል፣ ያልታጨደው በንፋስ ይተኛል ይነሳል። አጫጅ ግን አላየሁም። ማጭዶቹ እርሻው ዳር ተቀምጠዋል፤ ሰዎቹ ከአንድ ጽድ ሥር ተሰብስበው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። ስንቀርብ ዝም አሉ።

«ሟቹ ማን ነው ጋሽ ሰይድ?» ብዬ የጠየቅኩት እዚያ ነው።

መልሱን የሰጡኝ ጥቂት ከተራመድን በኋላ ነበር። ማሾውን የሚያስቀምጡት እማማ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ናቸው። በፊት የቅሬውን ዕቃ የሚጠብቁት ባላቸው ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ ቅሬው ዕቃውን ከሚስትየው እጅ አላወጣም። እማማ ትርንጎ አንድ ልጅ አላቸው፣ ይመር የሚባል። መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። እዚያ ወባ ያዘው። ሞተ። አብረውት የነበሩት ልጆች እዚያው ቀበሩትና አንዱ ለጋሽ ሰይድ ደወለ።

«እናቱ አልሰማችም» አሉኝ። «ወንድሟ ዛሬ ማታ ከማሻ ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን።»

መርዶ በየሰዓቱ እንደማይነገር አውቃለሁ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው ይዘጋጃል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ አገሩ ሁሉ አፉን ይይዛል። ያላወቅኩት፣ እኔም እንደ እነሱ አፌን እንድይዝ መጠራቴን ነበር።

«ለማን ነው ካለችህ ለሰርግ ነው በላት። የወንድሜ ልጅ ልትዳር ነው ብያታለሁ።» ጋሽ ሰይድ ይህን እያሉ ቤታቸው ጎራ ብለው አንድ ቢጫ ጀሪካን ላምባ አወጡ። አፉ በቀይ ጨርቅ ተወትፏል። «ይህን ይዘህ ግባ። ሳትሞክረው እንዳትወጣ።»

«እርስዎ አይገቡም?»

«እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም» አሉና ቤቱን በዱላቸው አሳይተውኝ ወደ ጽዱ ተመለሱ።

እማማ ትርንጎ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የገብስ ከረጢት ይሰፉ ነበር። ቀጭን፣ ፊታቸው ንፋስ የመታው ሴት ናቸው። ከሩቅ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

«ባለ ማሾው አንተ ነህ? ሽማግሌ ይላካል ስል ጎረምሳ ላኩብኝ። ግባ ልጄ፣ እንዴት ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ?» ብዬ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩት።

ዓይናቸው ጀሪካኑ ላይ አረፈ። ከዚያ አልተነሳም። እኔ ቤት የሚያቆሽሽ መስሎኝ ገፋ አደረግኩት።

«ላምባውን ማን ሰጠህ?»

«ጋሽ ሰይድ።»

«ራሱ? ከቤቱ አውጥቶ?»

«አዎ፣ ራሳቸው።»

«ኸይር ነው» አሉ። መርፌውን ከረጢቱ ላይ ሰኩትና እዚያው ተዉት። «ለማን ነው ማሾው የተፈለገው?»

«ለሰርግ ነው እማማ። የጋሽ ሰይድ የወንድም ልጅ ልትዳር ነው።»

«በአጨዳ?»

«እኔ እንጃ። እኔ የከተማ ሰው ነኝ።»

ለአፍታ አዩኝ። የውሸት ገንዘብ ይዞ እንደተገኘ ሰው ሆንኩ። ቀጥሎ ግን ተነስተው እጃቸውን ታጠቡና «ይሁን። ሰርግ ከሆነ ሰርግ ይሁን» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ማሾውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ይዘውት ወጡ። የሆዱ ንጣፍ እየተላጠ ከሥሩ ቢጫ ናስ ወጥቷል። መስታወቱ ግን ጭረት አልነበረበትም።

«ስልክ በምትጎረጉርበት እጅህ ቀስ በል። ሽማግሌ ነው» አሉኝ።

አየሩን አስተነፈስኩ፣ የቀረውን ላምባ ቀዳሁ፣ መስታወቱን አወጣሁ፣ ቱቦውን በፒንሳ ያዝኩ። ዝጎ አልነቃነቅ አለኝ። እማማ ትርንጎ ከጎኔ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም።

«አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ አለህ?» አሉኝ። ለምን እንደጠየቁኝ አላውቅም። ምናልባት ጫማዬን አይተው ይሆናል።

«የለኝም። ግን ልሄድ ነው።»

«እናትህ ምን አለች?»

«ገና አልነገርኳትም።»

«እ!» አሉ። ቀጥለው በሌላ ወሬ መጡ። «የኔን ስልክ ዘሀራ ወሰደችው። ጎረቤቴ ናት። በሶላሬ ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ከትናንት ወዲያ እንደያዘች ቀረች። ውሃም እሷ ቀዳችልኝ። ገብሴንም ጎረምሶቹ መጥተው አጨዱልኝ፣ የራሳቸው ሳይታጨድ። ሰው በአንድ ሳምንት እንዲህ ደግ ይሆናል?»

ቱቦው ላይ አጎነበስኩ። ዘሀራ ስልኩን የወሰደችው ከመተማ የሚደውል እንዳይኖር መሆኑን ከጋሽ ሰይድ ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ ቱቦው ለቀቀ። ረጅሟን ዘንግ ሳብ አድርጌ አወጣኋት። ከላይ ጫፏ ላይ መርፌ አለች፤ እሷ ደህና ናት። ከታች፣ መዘውሯ ስትዞር የቱቦውን አፍ የምትደፍነው ውታፍ ግን ተበላሽታ ነበር። የፋብሪካ ጎማ ጠብቄ የነበረ ሲሆን ያገኘሁት ቁራጭ ቆዳ ነው። ሽንብራ የምታህል፣ በምላጭ ተከብባ የተቆረጠች፣ ደርቃ የተሰነጠቀች።

«ይህ ከፋብሪካው አይደለም። ሰው የሠራው ነው» አልኩ።

«ስጠኝ እስቲ።»

መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። ወደ ብርሃኑ ዞሩና በጣታቸው አገላበጡት። ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ብድግ ብለው ከውስጥ አንድ የቆዳ ዝናር ይዘው መጡ። የባላቸው ነበር። ጥይት መያዣዎቹ ባዶ ናቸው፣ ቆዳው ግን ሰፊና ወፍራም ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ አለች፤ ሽንብራ የምታህል።

«ይህን አይጥ በላው ብዬ ስንት ዘመን አይጥ ረግሜአለሁ» አሉ። «እስከ ደጎሎ ሰው ልኬ ድመት አስመጣሁ። ይመር ድመቷን ጭኑ ላይ አድርጎ እያሻሸ፣ 'እማዬ፣ አይጥ ዝናር ይወዳል እንዴ?' ይለኛል። ለካ አይጡ እሱ ነበር።»

እኔም ሳቅኩ። ሳላስበው ነው የሳቅኩት። ወዲያው ደግሞ አፌን በእጄ ከደንኩ።

«ይመር… ልጅዎ ነው?» አልኩ። ድምፄ እንደ ተበላሸ ስፒከር ወጣ።

«ልጄ ነው። እጁ አያርፍም ነበር። አንዱን ነገር ሳይፈታ አያድርም። ሰሊጥ ሄዷል» አሉና ዝናሩን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። «ሲሄድ ግን ነግሮኝ ነው የሄደው። እስከ መንገዱ ሸኝቼዋለሁ። ፊቱን አይቼ ነው የሸኘሁት። አንተም ለእናትህ ሳትነግራት እንዳትሄድ።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ አትበለኝ። ሂድና ንገራት።»

አዲስ ቆዳ ያስፈልግ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የስልክ ዕቃ እንጂ ቆዳ የለም። ከአሮጌ ጫማ ቁራጭ ብጠይቃቸው ዝናሩን ገፉልኝ።

«ከዚያው ቁረጥ።»

«ይሄማ የባልዎ ነው እማማ። ሌላ ቆዳ አይጠፋም።»

«ጥይቱ ካለቀ ቆይቷል። ልጁ ጀምሮታል፣ አንተ ጨርሰው።»

ምላጬን አወጣሁ። ከይመር ቀዳዳ አጠገብ፣ ያችኑ የምታህል ክብ ልቆርጥ ጀመርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስልክ ውስጥ ፀጉር የምታህል ሽቦ የምበይድበት እጅ ነው፤ ያን ቀን አልታዘዝ አለኝ። የመጀመሪያዋ ጠምማ ተቆረጠች። ሁለተኛዋም።

እማማ ትርንጎ ዝናሩን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልኝ።

«አብሽር» አሉኝ። «አብሽር ልጄ። ቀስ ብለህ ነው።»

ሦስተኛዋ እንደሚፈለገው ወጣች። በዘይት አርሼ ቦታዋ ላይ አስገባኋት፣ ዘንጓን መለስኩ፣ የቱቦውን አፍንጫ በቀጭን ሽቦ ጠረግኩ፣ ሁሉን ገጠምኩ። እማማ ትርንጎ ከሣጥን ውስጥ አዲስ መረብ አወጡ፤ የመጨረሻዋ ነበረች። ላምባውን ከቢጫው ጀሪካን የቀዱት ራሳቸው ናቸው። ቀይ ጨርቁን ነቅለው ለጥቂት ጊዜ በመዳፋቸው ጨብጠውት ቆዩ።

ማሾ ከመብራቱ በፊት አንገቱ መሞቅ አለበት። ስፒሪት አልነበረንም። እማማ ትርንጎ ጠርሙስ አረቄ አመጡና ከአንገቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጽዋ ላይ ጠብ አደረጉለት።

«እሱም እንደ ባሌ ነው። ሳይቀምስ ሥራ አይጀምርም» አሉ።

ወደ ውስጥ አስገብተን ከምሰሶው ጋር ሰቀልነው። ክብሪት ጫርኩ። አረቄው ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። አየር ሞላሁና መዘውሯን ከፈትኩ። መረቧ መጀመሪያ ጠቆረች፣ ከዚያ ቀላች፣ ከዚያ ነጭ ሆና አበራች። ማሾው ያን የሚታወቅ ረጅም ትንፋሹን ለቀቀ።

የቤቱን ውስጥ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። ወለሉ ትኩስ ተጠርጓል። ግድግዳውን ዙሪያ ተከትሎ በርጩማና አግዳሚ ተደርድሯል። መደቡ ላይ የታጠበ የወንድ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ሸሚዝ። ለሰርግ እንግዳ ይመጣባቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ራሴ ሆኜ ሳለ፣ ለቅጽበት ውሸቱን አመንኩት።

መዘውሯን ዘጋሁ። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ጠፋ። አልተንጠባጠበም፣ ቦግ አላለም።

«ድገመው» አሉ።

ከፈትኩት። ፊታቸው ላይ ብርሃን ሞላ። ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ማሾውን ሲያዩ ቆዩ፤ ከፊታቸው አንድም ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

«በል አጥፋው» አሉኝ በመጨረሻ። «ላምባውን አንጨርሰው። ነገ ይፈለጋል።»

«ለሰርጉ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አዎ፣ ለሰርጉ» አሉ። በሩ ድረስ ሸኙኝ። «እጅህ ይባረክ። ሰይድን ማሾው ይዘጋል በለው። ሌላ ምንም አትጨምር።»

ያን ምሽት ጋሽ ሰይድ ቤት አደርኩ። ጠዋት እሄዳለሁ ብላቸው «ቆይና አብረህ ውጣ፤ ማሾው ቢያስቸግረን» አሉኝ። ጎህ ሲቀድ ከማሻ ከመጡት የእማማ ትርንጎ ወንድም፣ ከሽማግሌዎቹና ከዘሀራ ጋር ወደ እሳቸው ቤት ሄድን። ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር፤ ሣሩ ውርጭ ይዟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ከአጥሩ ስንደርስ ሁላችንም ቆምን። በበሩ ስንጥቅ ነጭ ብርሃን ይወጣ ነበር። የማሾው ትንፋሽ ይሰማል።

ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። ሁልጊዜ ሲስቁ የማውቃቸው ዓይኖቻቸው ያን ጠዋት ፈጠጡብኝ። «ነገርካት?» አሉኝ።

«በፈጠረኝ። ትንፍሽ አላልኩም።»

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እማማ ትርንጎ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አጣፍተዋል። የይመር ጋቢና ሸሚዝ መደቡ ላይ ተዘርግቷል፤ የአባቱ ዝናር ከላዩ ላይ ነው።

«ግቡ» አሉ። «እናንተም ስትጨነቁ ከረማችሁ።»

ጋሽ ሰይድ የተዘጋጁበት ንግግር ነበራቸው። ሌሊቱን ሲያጉረመርሙት ሰምቻለሁ። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ልጁን ተወው፣ አልነገረኝም» አሉ እማማ ትርንጎ። «የነገረኝ ጀሪካኑ ነው። ሰርግ ያለበት ሰው የራሱን ላምባ በራሱ ዕቃ ይዞ ነው የሚመጣ። አንተ ቤት የሚቀመጠው ባለ ቀይ ጨርቁ የቅሬው ጀሪካን ግን የሚከፈት ለሞት ነው። ደንቡን እኮ አንተና ባሌ ናችሁ ያወጣችሁት፣ ሰይድ። በቅሬው የታመመ የለም፣ ለቅሶም አልሰማሁ። አገሩ ሁሉ የሰማውን ያልሰማ ማን ቀረ?»

ጋሽ ሰይድ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ለስንትና ስንት ለቅሶ ያንን ጀሪካን ከዚያው ጥግ እያወጡ ኖረዋል። እጃቸው ለምዶ፣ አፋቸው ሰርግ እያለ እጃቸው ሞት ብሎ ሰጠኝ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ እማማ ትርንጎ፣ ከመደቡ ጫፍ እየተቀመጡ። «አውቄ አደርኩ ብዬ አላለቅስም። ከእናንተ አፍ ልስማው። አንድ ልጄ ነው፣ በደንቡ ንገሩኝ።»

ጋሽ ሰይድ በደንቡ ነገሯቸው። የእሳቸው ድምፅ ነበር ቀድሞ የተሰበረው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት መጻፍ አልችልም፤ ቢቻለኝም አልጽፈውም። ወንድማቸው አንዱን ክንድ፣ ዘሀራ ሌላውን ይዘው ነበር። እኔ ከምሰሶው ሥር ቆሜ ማሾውን እጠብቃለሁ። ፀሐይ ወጥታ ብርሃኑ ሳያስፈልግም ማንም አጥፋው አላለኝም።

ቀኑን ሙሉ ሰው ጎረፈ። ካህናቱ መጡ፣ ሸሆቹም መጡ። ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ እማማ ትርንጎ ዝናሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ተነሱና እንዲህ አሉ፦

ለለቀስተኛ ማሾ ስሰጥ ሳውሰው፣
ዞሮ ዞሮ ዛሬ ቤቴን ተራ ደረሰው።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እኔ ስለ ሞት ብዙ ግጥም ጽፌአለሁ። የሞተብኝ ሰው ሳይኖር የጻፍኳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አውጥቼ ሳነባቸው አንዱም አልጣመኝም።

በማግስቱ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ቦርሳዬን ይዤ የተሳፈርኩት ግን ወደ ደጎሎ ነው። እናቴ ፊት ተቀምጬ አዲስ አበባ ልሄድ እንደሆነ ነገርኳት። እንደፈራሁት አለቀሰች። እንደፈራሁት ግን አላስቀረችኝም፤ መቼ እንደምሄድ ብቻ ጠየቀችኝ፣ ልትሸኘኝ። እስካሁን አልሄድኩም። ስሄድ ግን ፊቴን አይታ ነው የምሄደው።

ማሾው ዛሬም እማማ ትርንጎ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሰርግና ለሌላ ለቅሶ ወጥቷል፤ ጋሽ ሰይድ ሱቄ ብቅ ሲሉ «ይዘጋል» ይሉኛል። ሌላ ነገር አንነጋገርም።

እኔ የማልረሳው እንዲህ ነው። እማማ ትርንጎ ቀድሞም ጠርጥረው ነበር፤ ያ ጀሪካን መሬት ከነካ ጀምሮ ግን ያውቁ ነበር። ስለ ድመቷ ሲስቁ ያውቁ ነበር። አረቄ ሲቀዱ፣ በባላቸው ሲቀልዱ ያውቁ ነበር። ያ ሳቅ ለብዙ ጊዜ ሊገባኝ አልቻለም። አሁን እንደሚመስለኝ፣ ልጃቸው በዚያች ቁራጭ ቆዳ እስከዚያ የማያውቁት ቀልድ ይዞላቸው መጥቶ ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ አሳቃቸው። ከመርዶው በፊት የነበረችው ያቺ ከሰዓት የእሳቸው ነበረች፤ ማንም እንዲወስድባቸው አልፈለጉም።

እጄ ሲንቀጠቀጥ «አብሽር» ያሉኝን ደግሞ አስባለሁ። በእኛ አገር ይህች ቃል እንደ አይዞህ ሆና ሐዘን ለደረሰበት ሰው የምትባል ናት። ያን ቀን ልላቸው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። አፌን እንድይዝ ታዝዤ ነበርና አልቻልኩም። ዝናሩን ወጥረው ይዘው፣ የልጃቸው ቀዳዳ ከጣታቸው ሥር ሆኖ፣ እሳቸው አሉኝ።